የቤተ ክርስቲያን ሥራ በቤት ሲሠራ፦ ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚሆን የሥራ ቦታ አደረጃጀት

በብዙ አጥቢያዎች የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት የሚከፈተው በሰንበትና በበዓላት ቀን ብቻ ነው። በአንዳንዱ አጥቢያ ደግሞ ከዕቃ ቤቱ በቀር የሚቆለፍ ክፍል የለም። ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ የሚገለብጠው፣ የምእመናንን ወርኃዊ አስተዋፅኦ በመዝገብ የሚያሰፍረው፣ ለወረዳ ቤተ ክህነት የሚቀርበውን ሪፖርት የሚያሰናዳው አገልጋይ ቀኑን በመምህርነት፣ በእርሻ ወይም በንግድ ውሎ የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ የሚሠራው ማታ በገዛ ቤቱ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚገኙት አጥቢያዎችም አንዳንዶቹ ለእሑድ ብቻ በተከራዩት ሕንፃ የሚያገለግሉ በመሆናቸው፣ ጽሕፈት ቤታቸው በተግባር የጸሐፊው መኖሪያ ነው።

ይህ አሠራር በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲገለብጡ የኖሩት ብዙውን ጊዜ በየጎጆአቸው ነው። የሚያሳስበን ሥራው በቤት መሠራቱ ሳይሆን ያለ አደረጃጀት መሠራቱ ነው። መዝገቡ ከልጆች ደብተር ጋር በአንድ ሣጥን ሲቀመጥ፣ የደረሰኝ ጥራዝ በትራስ ሥር ሲያድር፣ የአጥቢያው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ሲገኝ ችግሩ ወዲያው አይታይም። የሚታየው አገልጋዩ በድንገት ሲታመም፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ወይም ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ነው።

ያን ጊዜ ጉዳቱ በሁለት ወገን ይደርሳል። አጥቢያው የክርስትናና የጋብቻ መዝገቡን፣ የይዞታ ማስረጃውን፣ የዓመታት ሒሳቡን ሊያጣ ይችላል። ኀዘንተኛው ቤተሰብ ደግሞ የትኛው ወረቀት የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይጠየቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ደመወዝ ያገለገለ ሰው ስሙ ከሞተ በኋላ በሐሜት ይነሣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ምክር ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ሥራው ወደ ቤት ሊሄድ ይችላል፣ መዝገቡ ግን ምንጊዜም የቤተ ክርስቲያን ነው። በቤት የሚዘጋጀው የሥራ ቦታም ይህን ልዩነት ማንም ሰው በዓይኑ እንዲያየው ሆኖ መደራጀት አለበት።

አስቀድሞ የሚወሰነው ጉዳይ

ጠረጴዛና ወንበር ከመታሰቡ በፊት ጉባኤው ተሰብስቦ ወደ ቤት የሚሄደውንና የማይሄደውን መለየት ይገባዋል። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን፣ የንዋያተ ቅድሳትን ዝርዝር፣ የስምምነትን ቃል በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበር። ወንጌሉ ከቤተ ክርስቲያኑ የማይለይ፣ ካህናቱ ሁሉ የሚያውቁት፣ በማንም ሰው ቤት የማያድር መጽሐፍ ስለ ሆነ ማስረጃው ከጸሐፊውም ከሰጪውም ዕድሜ አልፎ ለትውልድ ደርሷል። ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ ደንብ በ1965 ዓ.ም. ከተደራጀ ወዲህ መዝገቡ በዓይነትም በብዛትም ጨምሯል፤ የጥንቱ ጥበብ ግን ዛሬም ያገለግላል። ሰነዶቹን በሦስት ወገን መክፈል ይበቃል።

አንደኛው ወገን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ፈጽሞ የማይወጣው ነው። በዚህ ውስጥ የሚገቡት የአጥቢያው ማኅተም፣ የክርስትና፣ የጋብቻና የፍትሐት መዝገቦች ዋና ቅጂ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የባንክ ደብተርና ቼክ፣ ያልተጻፈበት የደረሰኝ ጥራዝ፣ እንዲሁም ጥሬ ገንዘብ ናቸው። ገንዘብ ተቆጥሮ ባለቀበት ቀን በአጥቢያው ስም ወደ ተከፈተው የባንክ ሒሳብ መግባት አለበት። ባንኩ ሩቅ ከሆነ ወይም ቀኑ ሰንበት ከሆነ በዕቃ ቤቱ ባለው ካዝና ይደር እንጂ በገንዘብ ያዡ ቤት አይደር። የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ በተለያዩ ሰዎች እጅ የሚሆንበት ምክንያት ለካዝናውም ይሠራል፤ አንዱን ሰው ከፈተናም ከሐሜትም ይጠብቃል።

ሁለተኛው ወገን በፊርማ ወጥቶ በፊርማ የሚመለሰው ነው። በንጹሕ የሚገለበጥ ቃለ ጉባኤ፣ የሚመዛዘን የወር ሒሳብ ሰነድ፣ መልስ የሚጻፍለት ደብዳቤ በዚህ ይመደባሉ። ለእነዚህ አንድ ተራ ደብተር አዘጋጅቶ የሰነዱን ስም፣ የወጣበትን ቀን፣ የተመለሰበትን ቀንና የሁለቱን ወገኖች ፊርማ ማስፈር በቂ ነው። ከአንድ ሳምንት በላይ በቤት የሚቆይ ሰነድ ባይኖር መልካም ነው።

ሦስተኛው ወገን በቤት ሊቀመጥ የሚችለው ነው። ኮምፒውተሩ፣ ባዶ ወረቀቱ፣ የጽሕፈት መሣሪያው፣ የደብዳቤዎች ቅጂና ረቂቁ ጽሑፍ በዚህ ወገን ይቆጠራሉ። ከዚህ በታች ስለ ቦታውና ስለ መሣሪያው የምንዘረዝረው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ወገን የሚሆነውን ነው።

የቦታው ምርጫ

የተለየ ክፍል ያለው አገልጋይ ጥቂት ነው። የአንድ ክፍል አንድ ማእዘን ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ማእዘኑ ለሌላ ነገር አለመዋሉ ነው። ምግብ የሚቀርብበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ልጆች የሚያጠኑበት ጠረጴዛ የሰበካ ጉባኤው ጠረጴዛ ቢሆን ወረቀቱ በየዕለቱ ይነሣል፤ በየዕለቱ የሚነሣ ወረቀት ደግሞ አንድ ቀን ይጠፋል።

ቦታው ከምድጃና ከጢስ የራቀ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ግድግዳው እርጥበት የማይስብ መሆን አለበት። በጭቃ ግድግዳ በተሠራ ቤት መደርደሪያው ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ፣ ከግድግዳውም ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ ቢቆም አየር በጀርባው ያልፋል፤ ሻጋታም አያገኘውም። ምስጥ በሚበዛበት ቆላማ አካባቢ የመደርደሪያውን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆም የተለመደ መከላከያ ነው። ጋዝ ወይም ቤንዚን ግን በጣሳው እንዳይደረግ፤ እሳት ይስባል። ከእንጨትም ጥድ ምስጥን የመቋቋም ጠባይ ስላለው ለመደርደሪያ የተመረጠ ነው።

አይጥ ለወረቀት ከምስጥ የማይተናነስ ጠላት ነው። የጥንት መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ገብተው በግድግዳ ላይ በችካል ይሰቀሉ የነበረው ከአይጥም ከእርጥበትም እንዲርቁ ነው። ዛሬ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው መያዣ ያለውና የሚቆለፍ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ሁሉ ከቤቱ ወረቀት ተለይቶ በአንድ ቦታ ይገኛል። ሁለተኛ፣ እሳት ወይም ጎርፍ ቢመጣ በአንድ እጅ ተይዞ ይወጣል። በክዳኑ ላይ የአጥቢያው ስም በቀለም ይጻፍበት፤ በክዳኑ ውስጥ ደግሞ በሣጥኑ ያለው ሰነድ ዝርዝር ይለጠፍ። የጉባኤው በጀት ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ቢሆን መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ሣጥን ነው እንላለን።

ጠረጴዛ፣ ወንበርና ብርሃን

ጠረጴዛው ውድ መሆን የለበትም። ከአጥቢያው ምእመናን መካከል አናጢ አይጠፋም፤ ልኩን ነግሮ ማሠራት ይቻላል። ከፍታው ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንድ የተዘረጋ መዝገብና አንድ ኮምፒውተር ጎን ለጎን ይይዛል። የሚቆለፍ አንድ መሳቢያ ቢኖረው ይመረጣል። ወንበሩ መደገፊያ ያለው፣ የመቀመጫው ከፍታ ከ42 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ይሁን። የተቀመጠው ሰው እግሩ መሬት ሙሉ ሲረግጥና ክንዱ በጠረጴዛው ላይ ትከሻውን ሳያነሣ ሲያርፍ ልኩ ትክክል ነው። በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ መዝገቡን በአልጋ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ለአንድ ምሽት ይቻል ይሆናል፤ ለዓመታት ሲሆን ግን የአገልጋዩን ወገብ ይጎዳል፣ ጽሑፉንም ያበላሻል።

በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው ብርሃኑ ከግራው ቢመጣለት የእጁ ጥላ በመስመሩ ላይ አይወድቅም፤ በግራው ለሚጽፍ ተቃራኒው ነው። ጠረጴዛው በመስኮት አጠገብ ሲቀመጥ መስኮቱ በጎን ይሁን እንጂ በኮምፒውተሩ ፊት ለፊትም በጀርባውም አይሁን፤ ነጸብራቁ ዓይን ያደክማል። የኮምፒውተሩ ገጽ ከዓይን አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ለማታ ሥራ 9 ዋት የሆነ የኤል ኢ ዲ አምፑል የቀድሞውን የ60 ዋት አምፑል ያህል ብርሃን ስለሚሰጥ ኤሌክትሪክንም ገንዘብንም ይቆጥባል። ኩራዝና ሻማ ግን ከመዝገብ አጠገብ ፈጽሞ እንዳይቀርቡ። ጥላሸቱ ገጹን ያጠቁራል፤ አንድ የወደቀ ሻማ ደግሞ የአንድን አጥቢያ ታሪክ ሊፈጽም ይችላል።

በጠረጴዛው ላይ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የማይለቅ ጥቁር ወይም ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ ካልኩሌተር፣ ወረቀት መብሻ፣ ካኪ ፖስታ፣ ለየጉዳዩ የተለየ ክላሴር። ለክላሴሮቹ ቢያንስ አምስት ርእስ እንመክራለን፤ ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሒሳብ፣ ልማትና ተራድኦ። ለብዙ ዘመን የሚቀመጥ ወረቀት በብረት ማያያዣ ባይያያዝ ይሻላል፤ ብረቱ ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። የተቀደደውንም ገጽ በፕላስተር መለጠፍ አይገባም፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ያጠፋል። መዝገብ ውኃ ቢነካው በእሳት ወይም በፀሐይ አይድረቅ፤ በየገጹ መካከል ንጹሕ ወረቀት እየገባበትና እየተለወጠ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

የኤሌክትሪክ ኃይልና ኮምፒውተር

ኮምፒውተር የሌለው አጥቢያ ሥራው ጎደሎ ነው አንልም። በጥሩ እጅ የተጻፈ መዝገብ፣ የሚቆለፍ ሣጥንና የሥነ ሥርዓት ደብተር ያለው አጥቢያ፣ ኮምፒውተር ኖሮት መዝገብ ከሌለው ይበልጣል። ዐቅም ሲኖር ግን ሪፖርትን ለማዘጋጀት፣ ሒሳብን ለመደመርና ቅጂን ለማብዛት ኮምፒውተር ትልቅ ረዳት ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ ይመረጣል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፤ የሚወስደውም ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዋት ነው። የሀገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ይባል እንጂ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በተለይ ጠፍቶ በሚመለስበት ቅጽበት የሚመጣው ኃይል መሣሪያን ያቃጥላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር መግዛት፣ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ያስፈልጋል። ዴስክቶፕ ያለው አጥቢያ ዩፒኤስ ቢጨምር የተጀመረው ጽሑፍ ሳይጠፋ መዝጋት ይችላል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ምጣድና ካውያ ከሚሰኩበት የተለየ ይሁን።

የመብራት መሥመር ላልደረሰበት አጥቢያ የፀሐይ ኃይል መጠኑን አስልቶ መግዛት ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው። 50 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ 200 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ 9 ዋት የሆነ አምፑል ለ4 ሰዓት 36 ዋት-ሰዓት፣ ስልክ ለመሙላት ደግሞ 15 ያህል፤ ድምሩ 250 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 12 ቮልትና ባለ 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ስለሚረዝም በየቀኑ የምንጠቀምበት 300 ያህሉን ነው፤ ይህም ለሥራው ይበቃል። ባለ 100 ዋት ፓኔል በበጋ 5 ሰዓት ያህል ጠንካራ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ከሦስት አንዱ እጅ በመንገድ ቢባክን እንኳ፣ ከ300 ዋት-ሰዓት በላይ ይሰጣል። በክረምት ፀሐዩ ወደ 3 ሰዓት ሲያጥር ግን 200 ብቻ ስለሚሆን አይበቃም። ስለዚህ ለዓመት ሙሉ አገልግሎት ባለ 150 ዋት ፓኔል መግዛት ይሻላል። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ የሚወስደው ኃይል እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ከእንዲህ ያለ አነስተኛ ሶላር ጋር አይሄድም፤ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ በከተማ ማሳተም ይቀላል።

መሣሪያው በአጥቢያው ገንዘብ ከተገዛ በሞዴል 19 ገቢ፣ ለአገልጋዩ ሲሰጥም በሞዴል 22 ወጪ ይሁን። በላዩም የንብረት ቁጥር ይጻፍ። በበጎ አድራጊ ስጦታ የመጣም ቢሆን ሥርዓቱ ያው ነው። አገልጋዩ በግል ኮምፒውተሩ የሚሠራ ከሆነ መሣሪያው የእርሱ፣ በውስጡ ያለው የአጥቢያው ጽሑፍ ግን የቤተ ክርስቲያን መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። አገልጋዩ ለሚያወጣው የመብራት፣ የወረቀትና የስልክ ወጪም ጉባኤው አነስተኛ መጠን ወስኖ በደረሰኝ ቢተካለት ተገቢ ነው። ያልተነገረ ወጪ በጊዜ ብዛት ቅሬታ ይሆናል።

ጽሑፉና ቅጂው

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በኮምፒውተር ያለ ግን የሚወረሰው በአግባቡ ከተቀመጠ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ፊደሉን እንመልከት። በቀደሙት ዓመታት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በመሳሰሉ ሶፍትዌሮች በየራሳቸው የፊደል አቀማመጥ የተጻፉ ሰነዶች፣ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ጽሑፍ በየትኛውም ዘመናዊ ኮምፒውተርና ስልክ ይነበባል። ስለዚህ አዲሱ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፊደል ይጻፍ። በአሮጌው የተጻፉትም አሮጌው ኮምፒውተር ሳይበላሽ በፊት ይታተሙ ወይም ይለወጡ።

ፋይሎቹን በዓመተ ምሕረት፣ በወርና በጉዳይ መሰየም ፍለጋን ያቀላል። ለምሳሌ «2017-03 ቃለ ጉባኤ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ማንም ተተኪ ያገኘዋል፤ «አዲስ ሰነድ» ወይም «የመጨረሻው» የተባለ ግን ከጸሐፊው በቀር የሚያውቀው የለም።

ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ሆኖ በቤተ ክርስቲያኑ ካዝና፣ ሦስተኛው ከአጥቢያው ውጭ፣ ለምሳሌ በወረዳ ቤተ ክህነቱ። በአንድ ቦርሳ ያሉ ኮምፒውተርና ፍላሽ አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ እንደ አንድ እንጂ እንደ ሁለት አይቆጠሩም። ይህ ሐሳብ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ መንበረ ፓትርያርኩ ከአሜሪካ ተቋማት ጋር በመተባበር በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በሀገር ውስጥና በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። አጥቢያም በዐቅሙ እንዲሁ ማድረግ ይችላል። የክርስትናና የጋብቻ መዝገቦች በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በቀን ብርሃን፣ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ቢነሡ ዋናው መዝገብ ሳይወጣ ቅጂው ይገኛል። ፎቶዎቹ ወደ ቅጂ ማስቀመጫው ከተዛወሩ በኋላ ከስልኩ ይደምሰሱ።

ምስጢርና ቤተሰብ

በአጥቢያ መዝገብ የሰው ምስጢር አለ። የጋብቻ ታሪክ፣ የልጅ ትውልድ፣ ማን ምን ያህል እንዳስገባ፣ በተለይም በልማትና ተራድኦ ሥራ የርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር ይገኝበታል። ስሟ ከተረጂዎች መዝገብ የሰፈረ እናት ችግሯን የነገረችው ለቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ ለጸሐፊው እንግዶች አይደለም። ዝርዝሩ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢገኝና በሠፈር ቢወራ፣ ያ ሰው ሁለተኛ ወደ ደጃችን ላይመጣ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን መረጃ የሚይዝ አካል በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሏል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ይኑረው። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ተጽፎ፣ በጸሐፊውና በሊቀ መንበሩ ተፈርሞበት በካዝናው ይቀመጥ፤ ጸሐፊው ባይኖር ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ፖስታውን ይከፍታል። የአባላትና የተረጂዎች ዝርዝር በቴሌግራም የጋራ ገጾች አይላክ። ለልጆች ጨዋታና ለትምህርት የሚውል ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ ባይሆን ይመረጣል፤ ግድ ከሆነም ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ የተለየ መግቢያ ይከፈትለት።

ከቤተሰብ ጋርም መነጋገር ያስፈልጋል። የአገልጋዩ ባለቤት ሣጥኑ የማን እንደ ሆነ፣ ቁልፉ የት እንደሚገኝ፣ አንድ ነገር ቢደርስ ለማን መደወል እንደሚገባ ማወቅ አለባት። ሰነዱን ማንበብ አይጠበቅባትም፤ ለማን እንደምታስረክበው ግን ትወቅ። የሥራው ሰዓትም ይወሰን። በሳምንት ሁለት ምሽት ለቤተ ክርስቲያን ከተለየ የቀሩት ምሽቶች የቤተሰቡ ናቸው። ባለጉዳዮችም ወደ ቤት ሳይሆን በተወሰነው ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመጡ ይነገራቸው። ቤቱን ያስመረረ አገልግሎት ብዙ አይዘልቅም፤ አጥቢያውም መልካም ጸሐፊ ያጣል።

የሦስት ወር ጉብኝትና ርክክብ

የተደራጀው ቦታ በሥርዓት መቀጠሉን የሚያረጋግጠው ጉብኝት ነው። በየሦስት ወሩ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ከጉባኤው ሁለት አባላት፣ አንዱ ከካህናት አንዱ ከምእመናን፣ ወደ አገልጋዩ ቤት ሄደው በሣጥኑ ክዳን የተለጠፈውን ዝርዝር ከሰነዱ ጋር ያመሳክሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ጉብኝቱ ለሁሉም ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በእኩል፣ በታወቀ ቀን ሲደረግ የጥርጣሬ ምልክት መሆኑ ቀርቶ የአገልጋዩ ምስክር ይሆናል። ነገ ክፉ ወሬ ቢነሣ የሚከራከርለት በየሦስት ወሩ የተፈረመው ወረቀት ነው።

የጉብኝቱ ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ አገልጋይ ነገ ባይኖር ሌላ ሰው ሥራውን ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል? የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ የት እንዳለ፣ መልስ የሚጠብቀው ደብዳቤ የቱ እንደ ሆነ፣ ቅጂው መቼ እንደ ተወሰደ ከአገልጋዩ ሌላ አንድ ሰው እንኳ የሚያውቅ ከሆነ መልሱ አዎን ነው። የአገልግሎት ዘመኑን የሚፈጽም ጸሐፊም በዚሁ ዝርዝር መሠረት ለተተኪው ያስረክባል፤ ሁለቱና ሊቀ መንበሩ ይፈርማሉ፤ አንድ ቅጂ ለአስረካቢው ይሰጣል። ያ ቅጂ ለእርሱና ለቤተሰቡ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ

የሰበካ ጉባኤ አባላትና የተከበራችሁ አባቶች፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መፈጸም አይጠበቅባችሁም። በመጀመሪያው ስብሰባ በየአገልጋዩ ቤት ያለውን የአጥቢያውን ሰነድና ንብረት መዝግቡ። መዝገባው ማንንም ለመወንጀል አለመሆኑን አስቀድማችሁ ግለጹ፤ ያለውን ያመጣ ይመስገን እንጂ ለምን በቤትህ አኖርህ ተብሎ አይወቀስ። ማኅተሙና ዋና መዝገቦቹ በዚያው ሳምንት ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለሱ። በሁለተኛው ስብሰባ ሣጥኑንና የመውጫ ደብተሩን አዘጋጁ። ጠረጴዛው፣ መብራቱና ኮምፒውተሩ እንደ ዐቅማችሁ በተራቸው ይመጣሉ።

በነጻ ለሚያገለግል ሰው ጉባኤው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ፣ በአገልግሎቱ ዘመን ወገቡን የማያጎብጥ መቀመጫ፣ ከአገልግሎቱም በኋላ ስሙን የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያ ሥርዓት ከጸሐፊው ዕድሜ የሚያልፍ መዝገብ ይሆናታል። የጀመርነውን በጎ ሥራ ለፍጻሜ ያድርስልን።